ፎስፌት አንሺው ወዴት መሄድ እንዳለበት ማን ይነግረዋል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂዋ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ስለ ሴል መልእክት ስንማር ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፉት ካይኔዞች ከ500 በላይ እንደሆኑ ተነገረን። የሚያነሱት ፎስፋቴዞች ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ታዲያ እነዚህ ጥቂቶች የትኛውን ፕሮቲን መንካት እንዳለባቸው በምን ያውቃሉ? ተቆጣጣሪ ፕሮቲን የሚባለው አጋራቸውስ በትክክል ምን ይሠራል? ሌላም አለኝ። ቤታችን ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። አንዳንዴ ውሃው ዳር ዳሩን አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። መርዝ አለው ይላሉ። መምህራችን ደግሞ መርዙ የሚይዘው እነዚሁኑ ኢንዛይሞች ነው አሉን። እናቴ ‹ከተፈላ ምን አለው?› ትላለች። ይህ ሁሉ እንዴት ይገናኛል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ተማሪ ካይኔዙን ተምሮ ፎስፋቴዙን ዘሎት ያልፋል። አንቺ ግን የተዘለለው ቦታ ላይ ቆመሽ ጠየቅሽ። እኔም ብዙ ዓመት የሠራሁት እዚያው ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ቁጥሩን ሰብሰብ እናድርገው። የሰው ሴል ካሉት ካይኔዞች ከ400 በላይ የሚሆኑት ፎስፌት የሚለጥፉት ሴሪን እና ትሪዮኒን በሚባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። ከእነዚሁ ላይ ፎስፌት የሚያነሱት ፎስፋቴዞች ወደ 40 ገደማ ናቸው። በ40ዎቹ መካከል ደግሞ ሥራው እኩል አልተከፋፈለም። ፒፒ-1 እና ፒፒ-2ኤ የሚባሉት ሁለቱ ብቻቸውን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያነሳሉ። አስቢው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። የሚያነሱት በዋናነት ሁለት ናቸው።

ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ ፎስፋቴዝን የሚያሳንስ ነበር። ካይኔዝ መራጭ ነው፣ ፎስፋቴዝ ጠራጊ ነው ተባለ። ካይኔዝ ይወስናል፣ ፎስፋቴዝ ያገኘውን ያጸዳል። የሚገርመው ግን መጀመሪያ የተገኘው ፎስፋቴዙ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጌርቲ ኮሪ እና አርዳ ግሪን ጡንቻ ውስጥ አንድ እንግዳ ኢንዛይም አገኙ። ግላይኮጅን የሚባለውን የተከማቸ ስኳር ቆራጭ የሆነውን ፎስፎሪሌዝን ከንቁ ወደ ደካማ የሚቀይር ነበር። ፎስፌት እያነሳ መሆኑን ያኔ አላወቁም። በ1950ዎቹ ኤድመንድ ፊሸር እና ኤድዊን ክሬብስ ፎስፎሪሌዝ የሚበራውም የሚጠፋውም በፎስፌት መሆኑን አሳዩ። በ1992 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ለዚህ ነው። ኮሪ እና ግሪን ያዩት ኢንዛይም ዛሬ ፒፒ-1 የምንለው ነው።

ጠራጊ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ተማሪ ሳለሁ ፒፒ-1ን አጣርቼ ብቻውን በትንሽ ብልቃጥ ይዤ አውቃለሁ። የሰጠሁትን ሁሉ ያነሳ ነበር። ይሄን አቀርባለሁ፣ ያነሳል። ያኛውን አቀርባለሁ፣ ያነሳል። ሴል ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ሴሉ በሕይወት አያድርም ብዬ ተጨነቅኩ። መልሱ ቀላል ነበር፤ ሴል ውስጥ ብቻውን አይገኝም። እኔ «ንጹሕ» ብዬ የያዝኩት ኢንዛይም አጋሮቹን ሁሉ አጥቦ ያስወገድኩት ነበር። ምርጫውን አብሬ ነው ያጠብኩት።

ባሕር ዳር ጠዋት ሥራ ፍለጋ የሚቆሙትን የቀን ሠራተኞች አስቢ። አንዱ ዲጂኖ ይዟል እንበል። ጉልበት አለው፣ የሚፈርሰውን ያፈርሳል። የትኛው ግንብ እንደሚፈርስ ግን አያውቅም። ፎርማኑ መጥቶ ይወስደዋል። «ይሄን ግድግዳ፣ ያንን እንዳትነካ» ይለዋል። ማታ ሲሆን ይለቀዋል። በማግስቱ ሠራተኛው ከሌላ ፎርማን ጋር ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ፒፒ-1 ባለ ዲጂኖው ነው። ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖቹ ፎርማኖቹ ናቸው። እስካሁን የሚታወቁት የፒፒ-1 አጋሮች 200 ያህል ይሆናሉ። ስለዚህ ፎስፋቴዝ ጥቂት ነው የሚባለው ኢንዛይሙን ብቻ ስንቆጥር ነው። ሴሉ የሚሠራው በጥንዶቹ ነው፣ ጥንዶቹ ደግሞ ብዙ ናቸው።

አንዱ አጋር ማይፕት-1 ይባላል፤ ፒፒ-1ን የደም ሥር ጡንቻ ውስጥ ወዳለው ማዮሲን ይወስደዋል። ጡንቻው ይላላል። ሌላው ጋድ-34 ነው፤ የፕሮቲን ምርት ወደሚጀምርበት ቦታ ይወስደዋል። ሦስተኛው እንደ ክንድ ባለ ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ላይ ያስቀምጠዋል። ኢንዛይሙ ያው ነው። አድራሻው ነው የተለያየው።

አሁን እንዴት ይያያዛሉ ወደሚለው እንግባ። እኔን አሁንም የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ያለው ነው።

ፒፒ-1 ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ፊት ለፊቱ ነው። ሁለት የብረታ ብረት (ሜታል) አዮኖች እዚያ ተቀምጠዋል፤ ፎስፌቱን የሚያላቅቀው ውሃ በእነሱ ላይ ይቆማል። ከዚያ ቦታ ሦስት ጎድጓዳ መስመሮች ይወጣሉ፣ እንደ ሹካ መንገድ። አብዛኞቹ አጋሮች ግን ይህንን ፊቱን ዋና መያዣ አያደርጉትም። በጀርባው በኩል፣ ወደ 2 ናኖሜትር ርቀት ላይ፣ አንዲት ትንሽ ኪስ አለች። አጋሮቹ ወደዚያች ኪስ የሚያስገቡት አራት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። አርጂኒን፣ ቫሊን፣ ከዚያ ማንኛውም ዓይነት፣ በመጨረሻ ፌኒልአላኒን። በአሚኖ አሲድ ፊደል አር-ቪ-ኤክስ-ኤፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ግላይኮጅን ላይ ከሚያስቀምጠው የጡንቻ አጋር የተቆረጠች አጭር ቁራጭ ከፒፒ-1 ጋር በክሪስታል ስትታይ ነው ነገሩ የተገለጠው። በመልክም በሥራም ምንም የማይመሳሰሉ ፕሮቲኖች ይህችን አጭር ቃል ይጋራሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ኪሷ አንዲት ናት። ሁለት አጋሮች በአንድ ጊዜ ሊገቡባት አይችሉም። ስለዚህ ይሻማሉ። አንዱ አጋር ሲበዛ ሌላው ፒፒ-1 ያጣል። ሴሉ በዚህ ሽሚያ ብቻ ሥራን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ይችላል። ሁለተኛ፣ ያቺ አጭር ቃል ብቻዋን ብትቆረጥ የምትይዘው ላላ አድርጋ ነው። ሙሉው አጋር ግን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ምክንያቱም ከኪሷ ሌላ ሁለት ሦስት ቦታ ላይም ይነካዋል። ትናንሽ ንክኪዎች ይደማመራሉ።

ብዙዎቹ አጋሮች ብቻቸውን ሲሆኑ ቋሚ ቅርጽ የላቸውም። መጽሐፍ ላይ ፕሮቲን ሁሉ እንደ ተጠቀለለ ድንጋይ ተደርጎ ይሣላል። እነዚህ ግን እንደ ተፈታ መቀነት ናቸው። ፒፒ-1 ላይ ሲጠመጠሙ ነው ቅርጽ የሚይዙት። ይህ ድክመት አይደለም። መቀነት ሰፊ ቦታ ላይ ይነካል፤ ሆኖም ከአንድ ጫፍ ከተሳበ ይፈታል። ለሴል መልእክት ደግሞ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ በሰዓቱ መልቀቅም ያስፈልጋል። ይህችን ነገር በደንብ ያዢልኝ፣ ወደ ጣና ስንመለስ እንፈልጋታለን።

መልቀቅ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ እንዳለ ታውቂያለሽ። አንድ ሰው በታንኳ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ እንበል። ድንገት አጠገቡ ጉማሬ ብቅ አለ። ሰውየው በአንድ ትንፋሽ መቅዘፍ ይጀምራል። ክንዱ ውስጥ በዚያች ቅጽበት ምን ሆነ?

አድሬናሊን ደሙ ውስጥ ገባ። የጡንቻው ሴል ወለል ላይ ያለው ተቀባይ ያዘው። ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል በዛ። እዚህ ላይ ፒኬኤ የሚባለው ካይኔዝ ሲጠብቅ ነበር። እሱም የራሱ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን አለው። ተቆጣጣሪው ሥራ የሚሠራበትን ቦታ ልክ እንደ ሐሰተኛ ምግብ ሆኖ ደፍኖት ይቀመጣል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ተቆጣጣሪው ላይ ሲጣበቅ ተቆጣጣሪው መያዣውን ያላላል፣ ፒኬኤ ነጻ ይወጣል። ከዚያ ፎስፌት መለጠፍ ይጀምራል። በሌላ ካይኔዝ በኩል ፎስፎሪሌዝ ይበራል። ግላይኮጅን ይቆረጣል፣ ክንዱ ጉልበት ያገኛል።

ግን አንድ ችግር አለ። ፒፒ-1 እዚያው ግላይኮጅኑ ላይ ተቀምጧል፤ የጡንቻው ፎርማን አምጥቶ አስቀምጦታል። ፎስፎሪሌዝ ላይ የሚለጠፈውን ፎስፌት እግር በእግር ሊያነሳ ነው። እንዲህ ከሆነ ሰውየው አለቀለት። ሴሉ ምን ያደርጋል? ፒፒ-1ን አያጠፋውም። ፒኬኤ ያንኑ ፎርማን ይነካዋል። የሚነካው የት እንደሆነ ተመልከች። የጡንቻው ፎርማን ያቺ የአራት ፊደል ቃል ውስጥ፣ «ማንኛውም» ያልነው ቦታ ላይ፣ ሴሪን አለው። ቁጥሩ 67 ነው። ፒኬኤ ፎስፌቱን እዚያች ሴሪን ላይ ይለጥፋል። ፎስፌት ትልቅ ነው፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነው። ኪሷ ውስጥ ተመችቶት ሊቀመጥ አይችልም። መያዣው ይላላል። ፒፒ-1 ከግላይኮጅኑ ተነቅሎ ይሄዳል።

ይሄድና ደግሞ ዝም ብሎ አይንከራተትም። ኢንሂቢተር-1 የሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮቲን አለ። እሱም በፒኬኤ ፎስፌት ከተለጠፈበት በኋላ የተፈታውን ፒፒ-1 ይይዘውና እጁን ያስራል። አደጋው ሲያልፍ የኢንሂቢተሩን ፎስፌት ከሚያነሱት አንዱ ፒፒ-2ኤ ነው። ወንድም ወንድሙን ይፈታል ማለት ይቻላል። ሰውየው ዳር ደርሶ ትንፋሹ ሲመለስ ክንዱ ውስጥም ነገሩ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው።

አየሽ፣ አንዲት ፎስፌት አንዲት ኪስ አጠገብ ስትቀመጥ የአንድ ኢንዛይም አድራሻ ተቀየረ። የአካዳሚውን ቋንቋ ትተን ብንናገር ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ማለት ይህ ነው።

ፎርማኑ ከማድረስ ሌላም ሥራ አለው። አእምሮ ውስጥ ስፓይኖፊሊን የሚባል አጋር አለ። ከሦስቱ ጎድጓዳ መስመሮች አንዱን ይሸፍናል። ሥራ የሚሠራበትን ቦታ ግን አይነካም። በዚያ መስመር በኩል መጥተው የሚያርፉ ፕሮቲኖች ፎስፌታቸው አይነሳም፤ ፎስፎሪሌዝ ከእነሱ አንዱ ነው። ሌሎቹ እንደወትሮው ይነሳላቸዋል። ይህ እንግዲህ ፎርማኑ «ያንን ግድግዳ እንዳትነካ» ያለው ነው።

ይህንን ዘዴ ቫይረሶችም ያውቁበታል። ብዙ ጊዜ «ምች መታኝ» ብለን ዳማከሴ የምንሻው የከንፈር ቁስል ሄርፒስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው። ሴል ቫይረስ መግባቱን ሲያውቅ የፕሮቲን ፋብሪካውን ያቆማል። የሚያቆመው አንድ ፋብሪካ አስጀማሪ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት በመለጠፍ ነው። ሄርፒስ ግን የራሱን ፎርማን ይዞ ይመጣል። ፎርማኑ ከጋድ-34 ጋር ይመሳሰላል፤ የሴሉን ፒፒ-1 ይይዛል፣ ወደ አስጀማሪው ፕሮቲን ይወስደዋል፣ ፎስፌቱን ያስነሳዋል። ፋብሪካው ይከፈታል፣ ለቫይረሱ ይሠራል። ቫይረሱ አዲስ ፎስፋቴዝ መሥራት አላስፈለገውም። ሠራተኛውን የሚወስድ ሰው ብቻ በቃው።

ፒፒ-2ኤን ባጭሩ ልለፈው። ሐሳቡ ያው ነው፣ አሠራሩ ይለያል። ሦስት ክፍል አለው፤ ፎስፌት አንሺው፣ እንደ ቀስት የታጠፈ መደገፊያ፣ እና ተቆጣጣሪው። መደገፊያውና አንሺው አብረው ይኖራሉ። ተቆጣጣሪው ግን ይቀያየራል፤ አራት ቤተሰብ አለው፣ በየቤተሰቡም ብዙ ዓይነት። ለፈተና የሚበቃሽ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጣና።

ያየሽው አረንጓዴ ነገር እንቦጭ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። እንቦጭ ቅጠልና አበባ ያለው ተክል ነው። ይህን መርዝ አይሠራም። ውሃው ላይ እንደ ቀለም የሚንሳፈፈው ሳያኖባክቴሪያ ነው፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ተሰብስበው። ከእነሱ አንዱ ማይክሮሲስቲስ ይባላል። ጣና ውስጥ መኖሩንም፣ መርዙ መገኘቱንም ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ጣና ሰፊ ነው፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፤ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። ንፋስ የተንሳፈፈውን ገፍቶ ዳር ላይ ያከማቸዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ውሃ መሐል ላይ ደህና ሆኖ፣ ሴቶች በሚቀዱበትና ከብት በሚጠጣበት ዳር ላይ መጥፎ ሊሆን ይችላል።

መርዙ ማይክሮሲስቲን ይባላል። ከ7 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ቀለበት ነው፤ ዓይነቱ ከ200 በላይ ነው። አሁን ቅድም ያልኩሽን አስታውሺ። አጋሮቹ በዋናነት የሚይዙት ጀርባውን ነው። ማይክሮሲስቲን ግን በቀጥታ ፊቱን ይይዛል። ረጅም ጭራ አለው፤ ጭራውን ከጎድጓዳ መስመሮቹ በአንዱ ውስጥ ያስገባል። ቀለበቱ ብረቶቹ ያሉበትን ቦታ ይደፍናል። እ.ኤ.አ. በ1995 በክሪስታል ታይቷል። በደቂቃዎች ውስጥ ኢንዛይሙ ይቆማል። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል። መርዙ ፒፒ-1 ላይ 273ኛ ቁጥር ካለው ሲስቴይን ከሚባል አሚኖ አሲድ ጋር እውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ መፍታት የለም።

የሴሉ የራሱ አጋሮች ይይዛሉ፣ ይለቃሉ፣ ይሻማሉ። ይህኛው አይለቅም። ደግሞም የያዘው ቦታ ጥንዶቹ ሁሉ የሚጋሩትን ነው። ማይፕት-1 ቢሆን፣ ጋድ-34 ቢሆን፣ የግላይኮጅኑ ቢሆን፣ ፎርማኑ ማንም ይሁን ሠራተኛው እጁ ታስሯል። ፒፒ-2ኤም አብሮ ይያዛል። ስለዚህ አንድ መልእክት አይደለም የሚቋረጠው። ካይኔዞቹ ፎስፌት መለጠፋቸውን ይቀጥላሉ፣ የሚያነሳ የለም።

ለምን ጉበት? ማይክሮሲስቲን የሴልን ሽፋን በራሱ ሰንጥቆ አይገባም። የጉበት ሴሎች የሐሞት አሲድን የሚያስገቡባቸው በሮች አሏቸው። መርዙ በእነዚያ በሮች ይገባል። ገብቶም የሴሉን አጥር የሚያቆሙት ፕሮቲኖች ፎስፌት ይበዛባቸዋል። ሴሉ ቅርጹን ያጣል፣ ከጎረቤቱ ይላቀቃል። ብዙ መጠን ከሆነ ጉበት ውስጥ ደም ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸው ሕሙማን በዚህ መርዝ በተበከለ ውሃ ታጥበው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እነሱ ጋ መርዙ በቀጥታ ደም ውስጥ ገባ፤ መጠጣት እንደዚያ አይፈጥንም። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ከዚህ ገምቺ።

እናትሽን እንዲህ በያቸው። ማፍላት ለጀርም በጣም ጥሩ ነው፣ አይተዉት። ይህን መርዝ ግን አያጠፋውም። ቀለበት ስለሆነ ሙቀት ይችላል። እንዲያውም ሲፈላ ሳያኖባክቴሪያዎቹ ይፈነዱና ውስጣቸው የነበረው መርዝ ውሃው ውስጥ ይወጣል። ውሃ አጋርም ቢሆን አረንጓዴ ለሆነ ውሃ አይመኩበት፤ ክሎሪኑ በአረንጓዴው ላይ ያልቃል። አረንጓዴ በሆነበት ቀን ከዚያ ቦታ አለመቅዳት ነው። ለልጆችም ለከብትም እንደዚያው። ዓሣ ከሆነ፣ ቀረሶም ይሁን አምባዛ፣ መርዙ በብዛት የሚጠራቀመው ሆድ ዕቃውና ጉበቱ ላይ ነው። ሥጋው ላይ ያነሰ ነው። ሆድ ዕቃውን በደንብ አውጥቶ መጣል፣ ሥጋውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የምትፈልጊ ከሆነ። ይኸው መርዝ ፒፒ-1ን እና ፒፒ-2ኤን አጥብቆ ስለሚይዝ ኢንዛይሞቹን መርዙን ለመፈለጊያ መጠቀም ይቻላል። ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት የሚባል ቀለም አልባ ኬሚካል አለ። ፎስፋቴዙ ፎስፌቱን ሲያነሳለት ቢጫ ይሆናል። ኢንዛይሙን፣ ኬሚካሉን እና የሐይቁን ውሃ ትቀላቅያለሽ። ንጹሕ ውሃ ካለበት ብልቃጥ ጋር ታወዳድሪያለሽ። መርዝ ከሌለ ሁለቱም እኩል ቢጫ ይሆናሉ። መርዝ ካለ የሐይቁ ብልቃጥ ይገረጣል። የትኛው ዓይነት ማይክሮሲስቲን እንደሆነ አይነግርሽም፤ ሌሎች ፎስፋቴዝ የሚይዙ መርዞችም እንዲሁ ያገርጡታልና። ለዚያ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ናሙናውን ስትወስጂ ከመሐል ብቻ አትውሰጂ። ንፋስ ገፍቶ ያከማቸበት ዳር ላይ፣ ሰው ጀሪካን የሚነክርበት ቦታ ላይ ውሰጂ።